ለአራት ሰው የኮማንደር ጠረጴዛ፦ የትኛውን ካርድ እንቀይር፣ የትኛውን የቤት ደንብ እንጻፍ?

አዲስ ዴክ

ሰላም ለሁላችሁ። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለውን የካርድ ጨዋታ በኮማንደር አጨዋወት (እያንዳንዱ ሰው ዴኩን፣ ማለትም የካርድ ክምሩን፣ ኮማንደር በሚባል አንድ መሪ ካርድ ዙሪያ የሚሠራበት) አራት ሆነን እንጫወታለን። ዴኩ 100 ካርድ፣ መነሻ ሕይወቱ 40፣ የቀረውም በመደበኛው ደንብ ነው። ችግሩ አንዱ ጨዋታ ሦስት ሰዓት ማለፉ ነው። አንዱ ቀድሞ ይወጣና የቀረውን ጊዜ ቁጭ ብሎ ያያል። ሌላው ሪስቲክ ስተዲ የሚባለውን ካርድ ያወጣና ሌሎቹ በሚያወጡት በእያንዳንዱ ስፔል (በማና፣ ማለትም በካርድ መክፈያ ኃይል፣ የሚወጣ ካርድ) ላይ «ትከፍላለህ ወይስ አትከፍልም?» ሲባባሉ ይመሻል። አለቀ ሲባል ደግሞ ሳይክሎኒክ ሪፍት ይመጣና የሁሉም ካርድ ወደ እጅ ተመልሶ ጨዋታው እንደ አዲስ ይጀመራል።

የቤት ደንብ ልንጽፍ አስበን እስካሁን የቀረቡት እነዚህ ናቸው፦ ሶል ሪንግን (ማና በፍጥነት የሚሰጠውን ካርድ) ማገድ፤ እስከ 5ኛው ተራ ማጥቃት መከልከል፤ የመጀመሪያ እጁ ያልጣመው እስኪጥመው ድረስ በነጻ እንዲቀይር መፍቀድ፤ ማለቂያ የሌለው ኮምቦን (ካርዶች ተጣምረው ያለ ገደብ የሚደጋገሙበትን) ጭራሽ መከልከል፤ መነሻ ሕይወትን ወደ 30 ማውረድ። የትኛው ይሠራል? የትኛውስ ሌላ ችግር ይወልዳል? ደንቡ ሳይነካ ካርድ በመቀየር ብቻ የሚፈታ ነገር ካለም ንገሩን።

ቆጣሪ

ከአምስቱ ውስጥ ሁለቱ ሊሠሩ ይችላሉ፣ አንዱ መስተካከል አለበት፣ ሁለቱ ግን የባሰ ያመጣሉ። ከባሱት ልጀምር።

እስከ 5ኛው ተራ ማጥቃትን መከልከል ደካማውን የሚጠብቅ ይመስላል፤ የሚጠብቀው ግን ስስታሙን ዴክ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ተራዎች ማና ማፋጠኛ ብቻ የሚደረድር፣ አንድም መከላከያ ክሪቸር (የሚዋጋ ፍጡር) የማያወጣ ሰው የሚቀጣበት ብቸኛው መንገድ መመታት ነው። ያንን ስታነሱለት 5ኛው ተራ ላይ 9 ማና ይዞ ይጀምራል፤ በትናንሽ ክሪቸሮች የሚሠራው ዴክ ደግሞ ጥንካሬው ያለበትን ጊዜ በሙሉ ቁጭ ብሎ ያሳልፋል። ይህ ደንብ ከተጻፈ በኋላ ሁሉም ሰው ዴኩን ወደዚያው ያስተካክላልና ጨዋታው ይረዝማል እንጂ አያጥርም።

እጅን «እስኪጥም» መቀየርም እንዲሁ ነው። ሰው መጥፎ እጅ ሲደርሰው ዋጋ እንደማይከፍል ካወቀ ላንድ (ማና የሚሰጠውን መሠረታዊ ካርድ) ይቀንሳል። ኮማንደሩን ሳይጨምር በ99 ካርድ ውስጥ 37 ላንድ ያለው ዴክ 5ኛው ተራ ላይ (7 የመጀመሪያ እጅና 5 የተነሱ፣ በጠቅላላው 12 ካርድ) በአማካይ 4 ከግማሽ ላንድ ያያል። 31 ላንድ ያለው 3.8 ገደማ ያያል። ነጻ መቀየሪያ ካለ 31 ላንድ የያዘው ሰው ጥሩ ጥሩ እጆችን ይመርጥና የቀረውን ቦታ በኃይለኛ ካርድ ይሞላል። መደበኛው ደንብ ለብዙ ተጫዋች ጨዋታ አስቀድሞ አንድ ነጻ መቀየሪያ ሰጥቷል፦ የመጀመሪያው ያለ ቅጣት፣ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጊዜ 7 ታነሳና ሁለተኛው ላይ 1፣ ሦስተኛው ላይ 2 ካርድ ከዴኩ ሥር ትከታለህ። ለቀቅ ያለ ነገር ከፈለጋችሁ ይህን ጨምሩ፦ እጁ ላይ 0፣ 1፣ 6 ወይም 7 ላንድ ያለው ሰው ለጠረጴዛው አሳይቶ በነጻ ይቀይራል። በዓይን ስለሚረጋገጥ ሊያጭበረብሩበት አይቻልም፤ ላንድ የሚቀንስ ሰውም ወዲያው ይታወቅበታል።

ሶል ሪንግ፦ በ1 ማና ይወጣል፣ እዚያው ተራ ላይ 2 ቀለም አልባ ማና ይሰጣል። 1ኛ ተራ ላይ የወጣለት ሰው በዚያው ማና አርኬን ሲግኔት (በ2 ማና ወጥቶ 1 ማና የሚሰጥ) ቢያስከትል 2ኛው ተራ ላይ 5 ማና አለው፤ ሌላው 2። ዴክ ውስጥ አንድ ብቻ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ 7 ካርዶች የመገኘት ዕድሉ ለአንድ ሰው ከመቶ 7 ነው። «ታዲያ ምን ያስጨንቃል» የሚባለው በዚህ ነው። ለአራት ሰው ሲሰላ ግን ቢያንስ አንዱ እጅ ላይ የመገኘቱ ዕድል ከመቶ 25 ነው። ይኸውም ከአራት ጨዋታ በአንዱ አንድ ሰው በማይደረስበት ርቀት ላይ ሆኖ ይጀምራል ማለት ነው። ማገድ ትችላላችሁ፤ ጉዳት የለውም። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ፦ ሁሉም ከዴኩ ያስወጣው ወይም ሁሉም ይያዘው። «የደከመው ዴክ ይያዝ፣ የጠነከረው ይተው» የሚል ስምምነት ማን ደካማ ነው ወደሚል ክርክር ይገባል።

ሕይወት 30፦ ጊዜ ያሳጥራል። አንድ ሰው ሊያወርደው የሚገባው የሦስት ተቃዋሚ ሕይወት ከ120 ወደ 90 ይወርዳል። ሁለት ነገር ግን ይዛባል። የኮማንደር ጉዳት (ከአንድ ኮማንደር 21 የፍልሚያ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሕይወት ቢቀረውም ይሸነፋል) 21 ላይ ይቆማል፤ ከ40 አንጻር ግማሽ ነበር፣ ከ30 አንጻር ሦስት አራተኛ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ስለዚህ በአንድ ትልቅ ኮማንደር የሚመታ ዴክ ዋና መንገዱን ያጣል። እናንተ 30 ካላችሁ የኮማንደር ጉዳትንም ወደ 16 አውርዱት። ሁለተኛ፣ ሕይወት እየከፈሉ ካርድ የሚያነሱ ጥቁር ዴኮች ይጎዳሉ፤ ይህ መጥፎ አይመስለኝም፣ ግን ይታወቅ።

ሦስት ላንድ

ቆጣሪ ስለ ደንቡ ያለውን ልተወውና ስለ ካርዱ ልናገር፤ ምክንያቱም ከተጠቀሱት ችግሮች አብዛኞቹ የዴክ ችግር ናቸው።

ብዙ ሰው ዴኩን የሚሠራው የሁለት ሰው ጨዋታ ሒሳብ ይዞ ነው። ሁለት ሰው ሲጫወት አንድ ካርድ ለአንድ ካርድ ከተለዋወጡ እኩል ናቸው። አራት ሲሆኑ ግን አንተ አንድ ካርድ አወጣህ፣ የተመታው አንድ ካርድ አጣ፣ ሁለቱ የቀሩት ምንም ሳይነካቸው ሁለታችሁን ቀደሙ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ የሚያነሳ ማስወገጃ ውድ ነው፤ ባገኙት ላይ የሚተኮስ ሳይሆን ጨዋታ ለሚጨርስ ወይም ካርድ በየተራው ለሚያነሳ ነገር የሚቆይ ነው። የሚቆይ ከሆነ ደግሞ በሌላ ሰው ተራ ሊወጣ የሚችል ኢንስታንት መሆን አለበት።

ሁለተኛው ስሕተት ማስወገጃው በሙሉ ክሪቸር ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ሪስቲክ ስተዲ ኢንቻንትመንት (ክሪቸር ያልሆነ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚቆይ አስማት) ነው። አራታችሁም ዴካችሁን ገልብጣችሁ ኢንቻንትመንት የሚያፈርስ ስንት ካርድ እንዳላችሁ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ከሁለት አይበልጥም። ለምን ሁለት እንደማይበቃ በቁጥር እነሆ፦ ከ99 ካርድ ውስጥ 5 መልስ ካለህ፣ 5ኛው ተራ ላይ ቢያንስ አንዱን የማየት ዕድልህ ከመቶ 48 ነው፤ ሳንቲም እንደመወርወር። 10 ካለህ ከመቶ 74 ይደርሳል። እኔ ከ8 እስከ 10 ነጠላ ማስወገጃ፣ ከ3 እስከ 4 ጠራጊ (ብዙ ነገር ባንዴ የሚያስወግድ)፣ 10 ማና ማፋጠኛ፣ 10 ካርድ ማንሻ፣ ከ36 እስከ 38 ላንድ እላለሁ፤ የቀረው ለዴኩ ሐሳብ ነው። ከነጠላዎቹ ውስጥ ግማሹ ማንኛውንም ነገር የሚነካ ይሁን።

በየቀለሙ፦ አረንጓዴ ቢስት ዊዚን (3 ማና፣ ማንኛውንም ፐርማነንት፣ ማለትም ጠረጴዛው ላይ የሚቆይ ካርድ፣ ያፈርሳል፣ ለባለቤቱ ኃይሉና ጥንካሬው 3/3 የሆነ ክሪቸር ይተውለታል)። ነጭ ጄነረስ ጊፍት፣ ሥራው ተመሳሳይ ነው። ቀይ ኬዮስ ዋርፕ፤ ቀይ ኢንቻንትመንት የሚነካበት ሌላ ጥሩ መንገድ ስለሌለው ይህን ማጣት የለበትም። ጥቁር ፊድ ዘ ስዋርም፤ በ2 ማና የተቃዋሚን ክሪቸር ወይም ኢንቻንትመንት ያፈርሳል፣ በፈረሰው ካርድ የማና ዋጋ ልክ ሕይወት ታጣለህ። ሰማያዊ አንዴ ከወጣ በኋላ ከመመለስ በቀር ብዙ አይችልም፤ እሱ ሳይወጣ ነው የሚያስቀረው። ሶርድስ ቱ ፕላውሼርስም ከሁለት ሰው ጨዋታ ይልቅ እዚህ ይረክሳል፤ 1 ማና ከፍለህ ኃይሉ 6 የሆነ ክሪቸር ኤግዛይል አድርገህ (ከጨዋታው አውጥተህ) ለባለቤቱ 6 ሕይወት ብትሰጠው፣ ከ40 ለሚነሳ ሰው 6 ምንም አይደለም።

ከዚያ ቀጥሎ «እያንዳንዱ ተቃዋሚ» ወይም «እያንዳንዱ ሌላ ተጫዋች» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ሲፎን ማይንድ በ4 ማና እያንዳንዱ ሌላ ተጫዋች አንድ እንዲጥል ያደርጋል፣ በተጣለው ቁጥር ታነሳለህ። በሁለት ሰው ጨዋታ ቀርፋፋ ካርድ ነው፤ እዚህ ሦስት አስጥሎ ሦስት ያነሳል። ጠራጊው ብላስፈመስ አክት ዋጋው 9 ቢሆንም ጠረጴዛው ላይ በሚገኝ እያንዳንዱ ክሪቸር 1 ይቀንሳል፤ አራት ሰው ሁለት ሁለት ክሪቸር ካላቸው አንዲት ቀይ ማና ብቻ ነው። ተቃራኒው ደግሞ ሃውሊንግ ማይን ነው። ሁሉም በየተራው አንድ ተጨማሪ ካርድ ያነሳል፤ አንተ ግን በራስህ ተራ፣ ካነሳህ በኋላ ነው ያወጣኸው። ስለዚህ 2 ማና ከፍለህ አንተ አንድ ከማንሳትህ በፊት ሦስቱ ሦስት ተጨማሪ አንስተዋል። ለወዳጅነት ካልሆነ አታስገቡት።

ጨዋታው ስለመርዘሙ የምለው አንድ ነው፦ መዝጊያ የላችሁም። ሁሉም ዴክ ማስወገጃና ካርድ ማንሻ ኖሮት የሚጨርስ ካርድ ከሌለው ሦስት ሰዓት አይበዛበትም። ከ3 እስከ 5 መዝጊያ ይኑር። ኦቨርራን በ5 ማና ክሪቸሮችህን በሙሉ +3/+3 እና ትራምፕል (ከተከላካዩ የተረፈው ጉዳት ወደ ተጫዋቹ የሚያልፍበት ችሎታ) ይሰጣቸዋል፤ 8 ተራ 1/1 ቶከን (በሌላ ካርድ የተፈጠረ ክሪቸር) ካለህ 32 ጉዳት ነው። ኤክሳንጉዊኔት በ12 ማና ከእያንዳንዱ ተቃዋሚ 10 ያወርዳል፣ ላንተ 30 ይጨምራል። እነዚህ ማንንም የማያስቀይሙ፣ ሲመጡ የሚታዩ፣ ሲሠሩም የሚጨርሱ ናቸው።

የመጨረሻ ተራ

በሪስቲክ ስተዲ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ካርዱ የሚለው ተቃዋሚ ስፔል ባወጣ ቁጥር 1 ካልከፈለ ባለቤቱ ካርድ ማንሳት ይችላል ነው። ከባለቤቱ በቀር ሦስታችሁ በየዙሩ አንድ አንድ ስፔል ሳትከፍሉ ብታወጡ ሰውዬው በየዙሩ 4 ካርድ ያነሳል፤ እናንተ አንድ አንድ። ስለዚህ መክፈል የግል ምርጫ አይደለም። አንዱ «ዛሬ ልፍጠንና አልከፍልም» ሲል ዋጋውን ሌሎቹ ይከፍላሉ። ካርዱ እስኪፈርስ ድረስ ሁሉም በ1 ማና የዘገየ ሆኖ መጫወት አለበት።

ጊዜ ለመቆጠብ ደግሞ ይህ ይሠራል፦ ስፔሉን የሚያወጣው ራሱ «ከፍዬ» ወይም «ሳልከፍል» ብሎ ያውጣ። ካላለ ባለቤቱ ይጠይቃል። ሳይጠይቅ ሌላ ስፔል ከወጣ የበፊቱ አልፏል። «ይችላል» የሚል ካርድ ስለሆነ ይህ ከደንቡ ጋር አይጋጭም። ስሙዘሪንግ ታይዝም (ተቃዋሚ ካርድ ባነሳ ቁጥር 2 ካልከፈለ ለባለቤቱ ማና የሚሰጥ ቶከን የሚያስገኘው) በዚሁ መንገድ ይያዝ፤ እሱ ግን «ይችላል» ስለማይል እዚያ ላይ የቤት ደንብ ነው።

በዋዥ

ጊዜ የሚበላው ካርድ ብቻ አይደለም። 10 ዙር በአራት ሰው 40 ተራ ነው። እያንዳንዱ ተራ 4 ደቂቃ ከወሰደ 160 ደቂቃ፣ 2 ደቂቃ ከወሰደ 80 ደቂቃ። ሁለቱን ደቂቃ የምታገኙት እዚህ ነው፦

ዴክ ውስጥ የሚፈልግ ሰው የሚፈልገውን አስቀድሞ ይወቅ። ፍለጋው በሌላ ሰው ተራ የሚሆን ከሆነ ጨዋታው አይቁም፤ እሱ እየፈለገና እየበወዘ ተራ ያለው ይቀጥላል፣ ካልነካው በስተቀር። ከበወዘ በኋላ ጎረቤቱ ይቁረጥለት። ላንድ ብቻ ለመፈለግ አምስት ስድስት ጊዜ የሚበወዝ ዴክ ላይ ፋብልድ ፓሴጅንና የመሳሰሉትን በቀጥታ ማና በሚሰጥ ላንድ መተካት ብቻውን ብዙ ያድናል። ቶከን የሚያበዛ ሰው ዳይስ ይያዝ፤ ታፕ የሆኑትና (አገልግለው ወደ ጎን የተዘነበሉት) ያልሆኑት በሁለት የተለያዩ ዳይሶች ይቆጠሩ። ሕይወትና የኮማንደር ጉዳት ለየብቻ ይጻፉ፤ የኮማንደር ጉዳት ከማን እንደመጣ ካልተጻፈ 21 መድረሱን ማንም አያስታውስም፤ ከሁለት ኮማንደር የመጣ ጉዳት አይደመርምና።

የተሠራን እርምጃ መመለስም ደንብ ይኑረው። አዲስ መረጃ እስካልወጣ ድረስ ይመለስ፦ ካርድ ካልተነሳ፣ የተደበቀ ነገር ካልታየ፣ ሌላ ሰው ምላሽ ካልሰጠ። ከሦስቱ አንዱ ከሆነ አይመለስም። ይህን አስቀድሞ ያልተስማማ ጠረጴዛ በየጨዋታው ይነታረካል።

ሳይክሎኒክ ሪፍት፦ በ2 ማና አንድ፣ በ7 ማና ደግሞ ያንተ ያልሆነውን ሁሉ (ከላንድ በቀር) ወደ እጅ ይመልሳል። መጥፎ የሚያደርገው ኢንስታንት መሆኑ ነው፤ ከባለቤቱ ተራ በፊት ባለው ሰው ተራ መጨረሻ ላይ ይወጣና ባዶ ጠረጴዛ ላይ ያጠቃል። በዚያው ተራ የሚጨርስ ከሆነ ጥሩ መዝጊያ ነው። የማይጨርስ ከሆነ ግን ለጠረጴዛው 30 ደቂቃ ጨምሮ ሄደ። «መጨረስ የምትችል ከሆነ ብቻ አውጣ» የሚል ደንብ አትጻፉ፤ እጁ ላይ ምን እንዳለ ሳታዩ ልታረጋግጡት አትችሉም። ወይ ይፈቀድ ወይ ይቅር። አርማጌዶንም ያው ነው፤ በ4 ማና ላንድ በሙሉ ይፈርሳል፣ ከዚያ የሚያሸንፍበት ነገር ጠረጴዛው ላይ የሌለው ሰው ካወጣው ሁላችሁም ለአንድ ሰዓት ላንድ ስታነሱ ትውላላችሁ።

አረንጓዴ ማና

እኔ ከላይ ካለው ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ካርድ በስም ማገድ የትም አያደርስም። ሪፍትን ብታግዱ ነገ ሌላ ጠራጊ ይተካዋል፤ ሶል ሪንግን ብታግዱ ማና ቮልት ይመጣል። የሚታገደው ሥራው ነው።

የጨዋታው ባለቤቶችም ወደዚህ ነው የሄዱት። በመስከረም 2024 (በፈረንጆቹ) የኮማንደር ደንብ ኮሚቴ ማና ክሪፕትን፣ ጁውልድ ሎተስንና ዶክሳይድ ኤክስቶርሽኒስትን ሲያግድ ተቃውሞው በረታና በዚያው ወር መጨረሻ ኃላፊነቱ ወደ ጨዋታው አሳታሚ ወደ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ዞረ። በየካቲት 2025 የወጣው አሠራር ዴኮችን በአምስት ደረጃ የሚከፍል ነው። 1ኛው ለጭብጥ የተሠራ፣ 2ኛው ተገዝቶ እንደወጣ ዓይነት ዴክ፣ 3ኛው የተሻሻለ፣ 4ኛው ገደብ የሌለው፣ 5ኛው የውድድር። ከ1 እስከ 3 ባሉት ላንድ በጅምላ ማፍረስ የለም፤ ተጨማሪ ተራ ላይ ተራ መደራረብም የለም። ጌም ቼንጀር (ጨዋታ ቀያሪ) የሚባሉት ኃይለኛ ካርዶች ዝርዝር አለ፤ ሪስቲክ ስተዲ፣ ሳይክሎኒክ ሪፍትና ስሙዘሪንግ ታይዝ እዚያ ውስጥ ናቸው። በ1ኛና በ2ኛ ደረጃ አንድም አይፈቀድም፣ በ3ኛ እስከ 3 ይፈቀዳል። ባለሁለት ካርድ ማለቂያ የሌለው ኮምቦ በ2ኛ ደረጃ የለም፤ በ3ኛ ደግሞ ጨዋታው ገና ሳይገፋ አይመጣም። ጠያቂው ያነሳው ችግር ግማሹ «እኛ ደረጃ 2 ነን» በማለት ብቻ ይፈታል።

ኮምቦን ጭራሽ መከልከል ግን አይመከርም። የምትፈሩት ኮምቦውን ሳይሆን ፍጥነቱንና ድንገተኛነቱን ነው። ታሳስ ኦራክል ከዲሞኒክ ኮንሰልቴሽን ጋር በ3 ማና ጨዋታ ይጨርሳል፤ እሱ ለእናንተ አይደለም። አራት ካርድ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፣ ሁሉም እያየው፣ አንድ ሙሉ ዙር ቆይቶ የሚጨርስ ግን መልስ የያዘውን ሰው የሚሸልም ነው። ደንቡን እንዲህ ጻፉት፦ ኮምቦ ቢያንስ ሦስት ካርድ ይፈልግ፣ ከ7ኛው ተራ በፊት አይምጣ። ሲመጣም ባለቤቱ አንድ ጊዜ ብቻ በእጁ አዙሮ አሳይቶ መጨረሻውን ይናገራል፣ መቶ ጊዜ እያዞረ አያሳይም።

ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ሦስት ነገር ይባል፦ ዴክህ ማንም ካልነካው በስንተኛው ተራ ያሸንፋል? በምን ያሸንፋል? ሌላው እንዳይጫወት የሚያደርግ ነገር አለው ወይ? «ዴኬ ከ10 ውስጥ 7 ነው» የሚል መልስ ምንም አይነግርም፤ «ስምንተኛው ተራ ላይ በትልቅ ክሪቸር» ግን ይነግራል። ሦስቱ ስምንት ሲሉ አንዱ አምስት ካለ ዴክ ይቀይር ወይም ሦስቱ እሱን ቀድመው እንዲመቱት ይወቅ።

አዲስ ዴክ

በጣም አመሰግናለሁ፤ ዴካችንን ገልብጠን ስንቆጥር ኢንቻንትመንት የሚያፈርስ አራታችን ተደምረን 5 ብቻ ተገኘ። ያንን እናስተካክላለን። የማጥቃት ክልከላውና «እስኪጥም» የሚለው ቀርቷል፤ ሕይወቱንም ለጊዜው 40 ላይ እንተወዋለን፣ መዝጊያ ካስገባን በኋላ ካስፈለገ እንመለስበታለን። ሁለት ነገር ቀረኝ። ቀድሞ የወጣው ሰው ጉዳይ መፍትሔ አላገኘም። ሌላው ደግሞ አንዱ ሲሸነፍ «ይህ ካርድ ምን ይሆናል» የሚል ክርክር በየጊዜው ይነሳል፤ በተለይ ተናዶ መሀል ላይ ሲወጣ።

ሦስት ላንድ

ሁለተኛውን ልመልስ። ተጫዋች ሲወጣ የእሱ የሆነ ካርድ በሙሉ አብሮት ይወጣል፤ ሌላ ሰው እጅ ቢሆን እንኳ። ቁጥጥሩን ከሌላ ሰው የወሰደበት ነገር ካለ የመውሰዱ ውጤት ስለሚያበቃ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። የሚያከራክሩት ኤግዛይል አድርገው የያዙ ካርዶች ናቸው፤ እዚህ ጽሑፉን ማንበብ ግድ ነው። ባኒሺንግ ላይት «ይህ ካርድ ጠረጴዛውን እስኪለቅ ድረስ» ይላል፤ ባለቤቱ ሲወጣ ጊዜው ስላለቀ የያዘው ነገር ወዲያው ይመለሳል። ኦብሊቪየን ሪንግ ግን ሁለት የተለያዩ ትሪገሮች (በራሳቸው የሚነሱ ውጤቶች) አሉት፤ መላሹ ትሪገር ባለቤት ስለሌለው ስታክ (ስፔሎችና ትሪገሮች ተራቸውን የሚጠብቁበት) ላይ አይወጣም፣ የያዘው ካርድም በዚያው ይቀራል። ብዙ ጠረጴዛ ይህን አይወደውምና «ሁለቱም ይመልሱ» የሚል የቤት ደንብ ይጽፋል። ጥሩ ደንብ ነው፤ ማንንም አይጎዳም።

መሀል ላይ መውጣት፦ መደበኛው ደንብ ማንም በማንኛውም ጊዜ እጅ መስጠት ይችላል ይላል። ችግሩ ይህ እንደ መሣሪያ ሲያገለግል ነው። ላይፍሊንክ (ያደረሰው ጉዳት ለባለቤቱ ሕይወት የሚጨምርበት ችሎታ) ባለው 10 ኃይል ክሪቸር የተጠቃ ሰው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት እጅ ቢሰጥ አጥቂው 10 ሕይወት አያገኝም፤ ክሪቸሩም ታፕ ሆኖ ይቀርና ሦስተኛው ሰው ይመታዋል። ደንቡ እንዲህ ይሁን፦ እጅ መስጠት በራስ ተራ፣ ስታኩ ባዶ ሲሆን። በግድ መሄድ ያለበት ሰው ካለ ይሂድ፤ በዚያ ተራ በእሱ ላይ የተጀመረው ጥቃትና ስፔል ግን እንደደረሰ ይቆጠር፣ አጥቂው የሚያገኘውን ሕይወትም ካርድም ያግኝ።

ቆጣሪ

ቀድሞ ለወጣው ሰው ሁለት ነገር ይረዳል። አንዱ ካርድ ነው። ሰው ቀድሞ የሚወጣው ባዶውን ስለተገኘ ነው፤ ሁሉም የሚመታው ክፍት የሆነውን ነው። ፕሮፓጋንዳ ወይም ጎስትሊ ፕሪዝን በ3 ማና፣ አንተን ለማጥቃት ለእያንዳንዱ ክሪቸር 2 ያስከፍላል። ማንንም አይገድልም፤ ጥቃቱን ወደ ጎረቤት ይመራዋል። ጎውድ የሚያደርጉ ካርዶችም እንዲሁ፦ የተጎወደ ክሪቸር ማጥቃት አለበት፣ የሚችል ከሆነም ካንተ ውጭ ሌላውን ነው የሚያጠቃው። ከሁሉ የምወደው ግን ሞናርክ ነው። ሞናርክ የሆነ ሰው በተራው መጨረሻ አንድ ካርድ ያነሳል፤ በክሪቸር የፍልሚያ ጉዳት ያደረሰበት ሰው ሞናርክነቱን ይወስዳል። ትንሽ ክሪቸር ያለው ሰው እንኳ የሚያጠቃበት ምክንያት ያገኛል፤ ዒላማውም በጣም የደከመው መሆኑ ይቀርና ሞናርኩ ይሆናል። አንድ አንድ ሞናርክ የሚያመጣ ካርድ በየዴካችሁ ብታስገቡ ቁጭ ብሎ መገንባት ይቀንሳል።

ሌላው ደንብ ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ከወጣ በኋላ ቀሪው እንዲያጥር የሚያደርግ። ሰው በወጣበት ዙር ቀጥሎ ባለው ዙር መጀመሪያ ሁሉም 1 ሕይወት ያጣል፣ በሚቀጥለው 2፣ ከዚያ 3፣ እንዲህ እየጨመረ። እስከ 8ኛው ዙር ድረስ 36 ይደርሳል፤ ማንም ሙሉ 40 ይዞ ስለማይቀር በተግባር በአራትና አምስት ዙር ያልቃል። «ያጣል» መባሉ አስፈላጊ ነው፤ «ጉዳት» ካላችሁት ጉዳት የሚያስቀር ካርድ ይከላከለዋል። ሕይወት የሚጨምር ዴክ ትንሽ ይጠቀማል፤ ቁጥሩ እያደገ ስለሚሄድ ግን ብዙ አይቆይም። ቁጥሩን የወጣው ሰው ይከታተል፣ ዳይሱን እሱ ይያዝ።

በዋዥ

የቆጣሪ ደንብ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። «የዙር መጀመሪያ» የሚባለው የጀማሪው ሰው ተራ ነው፤ ጀማሪው ራሱ ከወጣ ዙሩ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ዳይሱ ከወጣው ሰው በስተግራ ባለው ተጫዋች ፊት ይቀመጥ፤ በእሱ ተራ መጀመሪያ ላይ፣ ካርድ ከማንሳቱ በፊት፣ የሁሉም ሕይወት ባንድ ጊዜ ይቀነስና ዳይሱ በአንድ ይጨምር። እሱም ከወጣ ዳይሱ ቁጥሩን እንደያዘ ወደ ቀጣዩ ግራ ይሻገር። ሁሉም ባንድ ጊዜ 0 ከደረሱ ጨዋታው አቻ ነው።